የአኮ በር፦ ጨዋታችን ውስጥ ድምፅ ስናስገባ የሆነው

(ባጃጅ ያልፋል።)

ናኦል፦ ጀመርን?

ሰአዳ፦ ባጃጇ ትለፍ መጀመሪያ።

ናኦል፦ አለፈች። እሺ፣ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን! ከጅማ ነን። እኔ ናኦል ነኝ።

ሰአዳ፦ እኔ ሰአዳ። ያለነው የናኦል አያት ግቢ ውስጥ፣ ሰርቪስ ቤት ነው። መስኮቱን በፍራሽ ደፍነነዋል። ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ስለዚህ ዛሬ ቶሎ እንጨርሳለን።

ናኦል፦ አንጨርስም። የዛሬው ርዕስ የኔ ነው፣ ስንት ሳምንት ለምኜ ያገኘሁት። ድምፅ! ጠረጴዛ ከበን በምንጫወታቸው የትረካ ጨዋታዎች ውስጥ የዝናብ፣ የጫካ፣ የገበያ፣ የሰይፍ ድምፅ እንዴት እንደምናስገባ።

ሰአዳ፦ ማስገባት ያስፈልጋል ወይ የሚለውም አለ።

ናኦል፦ እሱን በኋላ።

ሰአዳ፦ «በኋላ» ማለት አንተ ጋ «አይደረስበትም» ማለት ነው። ይሁን። ለአዲስ አድማጭ በአጭሩ ልንገር። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የሚባለው ጨዋታ እንደ ፈረንጆች በ1974 ወጣ፤ ዛሬ የምንጠራው ዓመት ሁሉ እንደነሱ ነው። ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ናቸው የሠሩት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት መጥቷል። አንድ ሰው ይተርካል፣ እሱን ማስተር እንለዋለን። ሌሎቻችን አንድ አንድ ገጸ ባሕርይ እንይዛለን። «በሩን ሰብሬ እገባለሁ» ካልክ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ትጥላለህ። ቁጥሩ ወይ ይፈርድልሃል ወይ ይፈርድብሃል። ስክሪን የለም። በቃ ወሬ ነው።

ናኦል፦ «በሩን» አልሽ?

ሰአዳ፦ ወይኔ አፌ።

ናኦል፦ ራስሽ ነሽ ያመጣሽው። የአኮ በር መነገር አለበት።

ሰአዳ፦ አኮ ማለት በኦሮምኛ አያት ነው። የናኦል አያት ናቸው፣ ግን ቡድናችን በሙሉ አኮ ነው የሚላቸው። ቀጥል። አጭር አድርገው።

ናኦል፦ የአኮ ግቢ በር የቆርቆሮ ነው። ማጠፊያው በዕድሜ ከኔ ይበልጣል። ስትከፍቺው መጀመሪያ ቀጭን ሲጢ…ጥ ይላል፣ ጥርስ ሲያፋጭ እንደሚያድር ሰው። መሃል ላይ ሲደርስ ያቃስታል። መጨረሻ ላይ ከግንቡ ጋር ይጋጭና ቋ! ሦስት ምዕራፍ አለው ያ በር።

ሰአዳ፦ ነበረው።

ናኦል፦ ነበረው፣ ልክ ነሽ። አትቅደሚኝ። እና እኔ መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ነው የበር ድምፅ የፈለግኩት። ፍሪሳውንድ የሚባል የድምፅ ማከማቻ አለ። ባርሴሎና ያለው የፖምፔው ፋብራ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2005 የጀመሩት ነው። ሰው ሁሉ የቀዳውን ድምፅ ይጭናል፣ አንቺ በነፃ ታወርጃለሽ። የአጠቃቀም ፈቃዱን ማየት ብቻ ነው። በር ብዬ ብፈልግ የበር መዓት! ግን ሁሉም የሀብታም በር ነው። ከባድ እንጨት፣ የተከበረ ድምፅ። የኔ ተጫዋቾች ያደጉት በቆርቆሮ በር ነው።

ሰአዳ፦ ስለዚህ ሌሊት ወጣህ።

ናኦል፦ ከሌሊቱ 7 ሰዓት። ለምን ሌሊት? ባጃጅ ስለማይኖር! ይሄ ከተማ ውስጥ ቀን የቀዳሽው ነገር ሁሉ ባጃጅ አለበት። የቅጠል ድምፅ ብትቀጂ ባጃጅ። የወፍ ድምፅ ብትቀጂ ባጃጅ። የጥንት ባላባቶች በፈረስ ሲሄዱ ከኋላቸው ባጃጅ።

(ባጃጅ ያልፋል።)

ሰአዳ፦ ይኸው።

ናኦል፦ ይኸው! እና ስልኬን በጋቢ ሸፈንኩት፣ ንፋስ ማይኩን እንዳይመታው። ማጠፊያው ጋ አንድ ስንዝር አስጠግቼ ያዝኩት። ቀስ ብዬ ከፈትኩ። ዘጋሁ። ፈጠን አድርጌ ከፈትኩ። ዘጋሁ። 11 ጊዜ።

ሰአዳ፦ እስቲ አስቡት። እኩለ ሌሊት አልፎ፣ ጋቢ የተከናነበ ሰው በር ይከፍታል ይዘጋል።

ናኦል፦ በ12ኛው ጎረቤታችን ዱላ ይዞ ደረሰ። ውሻው ይጮኻል። አኮ መብራት አበራች። «ማነው?» «እኔ ነኝ አኮ።» «ምን ትሠራለህ በዚህ ሌሊት?» «በር እየቀዳሁ ነው።»

ሰአዳ፦ (ትስቃለች)

ናኦል፦ «በር ይቀዳል? ውሃ ነው እንዴ!» አለችኝ። ጎረቤቱ ደግሞ ዱላውን አላወርድ አለ። የገባው አልመሰለኝም።

ሰአዳ፦ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «በር ቀጂው» ነው የሚለው። ሱቅ ሲሄድ «በር ቀጂው መጣ» ይሉታል።

ናኦል፦ ይበሉ! ሠራልኛ! የመጀመሪያ ቀን ቡድኑ አንድ ባዶ ምሽግ ደረሰ። ምንም አልገለጽኩም። ሸረሪት ድር፣ ጨለማ፣ ምናምን አላልኩም። «በሩን ትገፉታላችሁ» አልኩና ስልኩን ነካሁ። ሲጢ…ጥ። ሁሉም ጸጥ። አንዱ ልጅ ዳይሱን ጨብጦ እንደያዘ ዞሮ ትክክለኛውን በር አየ። የቤቱን በር!

ሰአዳ፦ እኔም ዞሬያለሁ። አልዋሽም።

ናኦል፦ ተመዝግቧል! ሰአዳ አምናለች።

ሰአዳ፦ ቆይ፣ ከዚያ በኋላ ያደረግከውንም ይመዝገብ። የቤተ መንግሥቱ በር፣ የአኮ በር። የጠጅ ቤቱ በር፣ የአኮ በር። መቃብር ሲከፈት፣ የአኮ በር። ድንኳን ውስጥ ስንገባ እንኳ!

ናኦል፦ ድንኳኑ ስህተት ነበር። ጣቴ ነው።

ሰአዳ፦ ሸራ ሲጢጥ ሲል ሰምተህ ታውቃለህ?

ናኦል፦ ጣቴ ነው አልኩሽ። አሁን ዋናው ይመጣል። አንድ ቅዳሜ እዚሁ ግቢ፣ አኮ ሳሎን ውስጥ ተጫወትን። ስፒከሩን መስኮቱ ላይ አደረግኩት። አኮ ጓዳ ቡና ታፈላለች። ጨዋታው ላይ አራት ጊዜ በር ተከፈተ፣ ልብ በሉ፣ አራት ጊዜ። አቦሉ ሲደርስ አኮ ረከቦቱን ይዛ መጣች። እኛ አምስት ነን፣ እሷ ስድስት። ረከቦቱ ላይ 10 ስኒ ተደርድሯል።

ሰአዳ፦ አሥሩም ተቀድቷል።

ናኦል፦ «ሰዎቹ የታሉ?» አለች። «የትኞቹ ሰዎች?» «አሁን የገቡት ናቸዋ! አራት ሰው ገብቷል፣ ሰምቻለሁ።»

ሰአዳ፦ ውጭ ወጥተው አዩ እኮ። ቡናው እንዳይቀዘቅዝባቸው ብለው። «ኑ ግቡ፣ ምን ያስቆማችኋል» እያሉ ባዶ ግቢ ሲጣሩ እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ናኦል፦ ከዚያ ስልኩን አሰማኋት። አንድ ጊዜ ሰማች። ድገመው አለች፣ ደገምኩት። ፊቷ ተለወጠ። «የኔ በር እንዲህ ነው የሚጮኸው? ሰው ሁሉ ይሄን ሲሰማ ነው የኖረው?»

ሰአዳ፦ አፈሩ በቃ።

ናኦል፦ በማግሥቱ ከጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በሃይላንድ አስመጥታ ማጠፊያውን አጠጣችው። ሙሉውን።

ሰአዳ፦ ይኸውላችሁ፣ ጨዋታችን ውስጥ ያለው ምርጥ ድምፅ እንደዚያ ሞተ።

ናኦል፦ የተቀዳው አለ፣ በሩ ነው የሞተው። አሁን ማን እንደገባ አይታወቅም። ባለፈው የሰው ፍየል ገብታ ጎመኑን ሙልጭ አድርጋ በላች። ማን ሰማት? አኮ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ያንን የቀዳኸውን መልሰህ ጨምርልኝ።»

ሰአዳ፦ (ትስቃለች) ናኦል፣ ርዕሱ የት አለ?

ናኦል፦ ርዕሱ ይሄ ነው እኮ! ጆሮ የሚደነግጠው በሚያውቀው ነገር ነው። ተኩላውን ታስታውሻለሽ?

ሰአዳ፦ «የማነው ውሻ?» የተባለው?

ናኦል፦ እሱ። የተዘጋጁ ድምፆች ውስጥ ሌሊት ማለት ተኩላ ነው። አስጮህኩት። የጫካ ጨለማ፣ ትረካ፣ ሁሉ ነገር ተሟልቷል። አንዱ «የማነው ውሻ?» አለ። አለቀ። እሺ ብዬ በሚቀጥለው ሳምንት ጅብ አመጣሁ። እሱም የወረደ ነው። ያው ልጅ ምን አለ?

ሰአዳ፦ «ይሄ የኛ ጅብ አይደለም።»

ናኦል፦ የኛ ጅብ አይደለም! ግማሽ ሰዓት ስለ ጅብ ተከራከርን። ግን ልጁ እውነቱን ነው። የወረደው የሚስቀው ጅብ ነበር። ጅብ የሚስቅ የሚመስለው ሲፈራ ወይ ምግብ ላይ ሲጣላ ነው። ማታ በአዌቱ ወንዝ በኩል የምንሰማው የሚጣራውን ነው፣ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣውን። ዉ…ዉፕ! እሱን ስለምታውቂው ነው ጀርባሽን የሚቀዘቅዝሽ። ጅማ ለምትጫወቺ የጅማን ጅብ ነው የምታመጪው።

ሰአዳ፦ እኔ ደግሞ አሁን ሰማህ? «ዉ…ዉፕ» አልክ። በአፍህ። እኔ ፀጉሬ ቆሟል። ስፒከር የት አለ?

ናኦል፦ ጀመርሽ።

ሰአዳ፦ አይ፣ ቁም ነገር ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ልብወለድ ሲተርክ ያልሰማ አለ? አሁንም ሰው እየፈለገ ይሰማዋል። አንድ ሰው፣ አንድ ጉሮሮ። ባላባቱም እሱ፣ ገበሬውም እሱ፣ ቄሱም እሱ። ልጅ ሆነን «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን ቁጭ ስንል፣ ማን ላም አስጮኸልን? ማንም። ላሟን አየናት ግን። አንተ ዝግጁ ድምፅ ስታመጣ የኔን ላም ወስደህ ያንተን ላም ነው የምትሰጠኝ።

ናኦል፦ ይሄን ጽፈሽው ነው የመጣሽው።

ሰአዳ፦ ባጃጅ ውስጥ አሰብኩት። ደግሞ አንተ ድምፅ መለወጥ ትችላለህ። እስቲ ያንን ግዙፉን አሰማቸው።

ናኦል፦ አሁን?

ሰአዳ፦ አሁን።

ናኦል፦ (በወፍራም ድምፅ) «ማነው ድልድዬን የረገጠ!»

ሰአዳ፦ ጠንቋይዋ።

ናኦል፦ (በቀጭን፣ በተሰነጠቀ ድምፅ) «ልጄ፣ ና ወደ እሳቱ ጠጋ በል፣ አጥንትህ በርዶታል…»

ሰአዳ፦ ነጋዴው!

ናኦል፦ (ተቻኩሎ) «ወንድሜ ለአንተ ስለሆነ ነው፣ ይሄን ጋሻ የትም በዚህ ዋጋ አታገኝም፣ ወላሂ ኪሳራ ነው!»

ሰአዳ፦ ትንሹ ጭራቅ፣ ጎብሊኑ።

ናኦል፦ (እንደ ሕፃን እየተነጫነጨ) «እኔ አልሰረቅኩም! እሱ ነው! እሱ ነው!»

ሰአዳ፦ ይኸው። አራት ሰው። ባትሪ አልፈጀህም።

ናኦል፦ እሺ፣ ግን ገጸ ባሕርይ ሌላ፣ ቦታ ሌላ። እኔ ጠንቋይዋን መሆን እችላለሁ። ገበያ መሆን አልችልም። ለገበያ ድምፅ ያስፈልጋል።

ሰአዳ፦ ገበያውን ስታመጣም አይተንሃል።

ናኦል፦ ሐሙስ ገበያ ነበር፣ ሂርማታ። ስልኬን ደረት ኪሴ አድርጌ ግማሽ ሰዓት ዞርኩ። ደስ የሚል ድምፅ! ጫጫታ፣ አህያ፣ ሚዛን፣ ጣሳ ሲጋጭ። ጨዋታው ላይ ስከፍተው ማንም አይሰማኝም። ሁሉም ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ጥሎ «ሽንኩርት ስንት አለ?» ይባባላል። በመሃል «ካርድ! ካርድ አለ!» የሚል ልጅ አለፈ።

ሰአዳ፦ የጥንት ከተማ ውስጥ የስልክ ካርድ።

ናኦል፦ ያኔ ነው የገባኝ። ከኋላ የሚሄድ ድምፅ ውስጥ ቃሉ የሚለይ ንግግር ከገባ ጆሮ እሱን ይከተላል። ስለዚህ አሁን ገበያ ስቀዳ ራቅ ብዬ፣ ከሕንፃ ላይ ነው። ጉምጉምታው ይግባ፣ ቃል አይለይ። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ሰአዳ፦ መጠኑም አለ። እኔ ከሁሉ የሚያናድደኝ ስፒከሩ ከፍ ሲል ነው። ኤቲየን ሎምባርድ የሚባል ፈረንሳዊ የጆሮ ሐኪም በ1911 ጽፎበታል፤ የሎምባርድ ውጤት ይባላል። ሰው ጫጫታ ውስጥ ሳያውቀው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ራሱ አይሰማውም። አንተ ስፒከሩን ትጨምራለህ፣ እኛ እንጮኻለን። አንተ እኛን ለማሸነፍ ትጨምራለህ። በመጨረሻ ሠርግ ቤት ይመስላል።

ናኦል፦ በዚህ አንጣላም። እኔ አሁን የማደርገው እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ከፍ አደርገዋለሁ፣ ሰው እንደሰማው ወዲያው ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ሊጠፋ ጥቂት እስኪቀረው። እና ጣቴ ማጥፊያው ላይ ነው የሚቀመጠው።

ሰአዳ፦ ማጥፋቱ ነው ጥሩው።

ናኦል፦ ማጥፋቱ! የጫካ ድምፅ ለ10 ደቂቃ ይሄዳል፣ ክሪኬት፣ ቅጠል፣ ሁሉም ለምዶታል፣ ማንም አይሰማውም። ድንገት ታጠፊዋለሽ። ምንም አትናገሪም። «ምን ሆነ?» ይላሉ። ሁሉም ሰይፍ ይመዛል!

ሰአዳ፦ እሱ ላይ እስማማለሁ። ግን ይሄ ለኔ ነው የሚፈርደው። ምርጡ ድምፅህ ዝምታ ነው እያልክ ነው።

ናኦል፦ ዝምታ እንዲሰማ መጀመሪያ ድምፅ መኖር አለበት ነው እያልኩ ያለሁት።

ሰአዳ፦ እህ። ይሁንልህ። ግማሹን።

ናኦል፦ ባሕሩንስ? ባሕሩን ልንገር።

ሰአዳ፦ ባሕሩ ጥሩ ነበር። ተናገር።

ናኦል፦ መርከብ ላይ ሊሳፈሩ ነው። ከአምስታችን ባሕር ያየ የለም። ጣና እንኳ ያየ አንድ ልጅ ነው። የወረደ የማዕበል ድምፅ ነበረኝ፣ ግን በዚያ ቀን ዳታም መብራትም የለም። አኮ ደግሞ ደጅ ስንዴ ታበጥራለች። ቆሜ ስሰማት… ሰፌዱን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ስታደርገው ስንዴው ሽ……… ብሎ ይሄድና ጠርዙ ላይ ይቆማል። ትመልሰዋለች፣ ሽ……… ብሎ ይመለሳል። ይሄ ባሕር ነው እኮ!

ሰአዳ፦ ሰፌዱን ነጠቃቸው።

ናኦል፦ ለመንኩ! ከነስንዴው ገባሁ፣ በሻማ ነው የምንጫወተው፣ ጠረጴዛው ሥር አድርጌ ቀስ እያልኩ አዘነበልኩት። ሚስጥሩ ፍጥነቱ ነው። በአንድ ትንፋሽ ይሂድ፣ በአንድ ትንፋሽ ይመለስ። ከፈጠነ የሚነፋ ጤፍ ይሆናል። ያው ጅቡን ያወቀው ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ «በትክክል ባሕር ነው» አለ።

ሰአዳ፦ ባሕር አይቶ አያውቅም!

ናኦል፦ አያውቅም! ግን መሰከረ።

ሰአዳ፦ ፊልም ቤትም እንደዚህ ነው የሚሠሩት አይደል?

ናኦል፦ ፎሊ ይባላል ሥራው። ጃክ ፎሊ ከሚባል ሰው ስም ነው፤ ሆሊውድ ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ውስጥ፣ ፊልም ድምፅ ማውጣት በጀመረበት ዘመን በ1920ዎቹ መጨረሻ፣ ምስሉን እያየ በእጁና በእግሩ ድምፅ ይሠራ ነበር። ከሱ በኋላ ሙያ ሆነ። በረዶ ላይ ሲራመዱ የምትሰሚው የቆዳ ከረጢት ውስጥ የገባ የበቆሎ ስታርች ነው። አጥንት ሲሰበር ደግሞ ሰሊሪ የሚባል አትክልት ነው። ሰሊሪ ከየት አባቴ ላምጣ? ሸንኮራ አገዳ ገዛሁ።

ሰአዳ፦ ለአጥንቱ ነው የሸንኮራው ወጪ!

ናኦል፦ ማይኩ ጋ አስጠግቶ ቀጭ! ሲል እኔ ራሴ ጉልበቴን ይዣለሁ። ችግሩ ተጫዋቾቹ አጥንቱን በሉት። በሁለተኛው ውጊያ የሚሰበር አልነበረም።

ሰአዳ፦ ጣፋጭ ነበር።

ናኦል፦ ጉሬዛውንም ልናገር?

ሰአዳ፦ በአጭሩ።

ናኦል፦ ድራጎን ያስፈልገኝ ነበር። ከከተማ ወጣ ያለ ጫካ ጋ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ሄጄ ቁጭ አልኩ። ጉሬዛ ሊነጋ ሲል ነው የሚጮኸው፣ ያ ውስጥ ለውስጥ የሚንከባለል፣ የሚያጓራ ድምፅ። ቀዳሁት። ስልክ ላይ ፍጥነቱን በግማሽ ስትቀንሺው ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ይወርዳል፣ ማለትም ይወፍራል፣ ርዝመቱ እጥፍ ይሆናል። ጉሬዛ ሆዬ ድራጎን ሆኖ ቁጭ!

ሰአዳ፦ የመጀመሪያው ግን አልሆነም።

ናኦል፦ የመጀመሪያው ላይ ከሩቅ አዛን ገብቷል። የሱብሒ ሰዓት ነዋ። ድራጎን ጉድጓድ ውስጥ አዛን አይገባም፣ ነውር ነው። ደመሰስኩት። በማግሥቱ ደግሜ ሄድኩ፣ ዘግየት ብዬ።

ሰአዳ፦ እዚህ ላይ አከብረዋለሁ፣ ሁለት ጠዋት ሙሉ ለዝንጀሮ ሲነሳ።

ናኦል፦ ጉሬዛ ዝንጀሮ አይደለም።

ሰአዳ፦ እሺ ለጉሬዛ። ንግሥት ኮኔክትድን ትነግራቸዋለህ ወይስ እኔ ልንገር?

ናኦል፦ እሱ ይቅር።

ሰአዳ፦ እኔ ልናገር። የሞተው ንጉሥ ከሬሳ ሣጥኑ ሊነሳ ነው። ሁለት ወር የጠበቅነው ትዕይንት። ሻማ ብቻ በርቷል። ናኦል ለረጅም ጊዜ ዝም አለ፣ ዝምታ ይወዳል አላልኩም? ብሉቱዝ ስፒከሩ ግን ድምፅ ሲያጣ ተኝቷል። ናኦል ሣጥኑን ሊከፍት ስልኩን ነካ። ከጨለማው ውስጥ አንዲት ሴት፣ በጠራ እንግሊዝኛ፣ «ፓወር ኦን! ኮኔክትድ!»

ናኦል፦ (ይስቃል) ሁሉም መሬት ላይ።

ሰአዳ፦ ንጉሡ ሚስት አገኘ። እስከ ዛሬ ንግሥት ኮኔክትድ ነው የምንላት። ባለፈው ሳምንት ለጦርነት ርዳታ ጠይቀናታል።

ናኦል፦ ሰሚዎች፣ ተማሩ። ብሉቱዝ ሁለት ጣጣ አለው። ይተኛል፣ ደግሞም ይዘገያል። ስልኩን በነካሽበት ቅጽበትና ድምፁ በሚወጣበት ቅጽበት መካከል ትንሽ ክፍተት አለ። ለዝናብ ምንም አይደለም። ለሰይፍ ግን «ቆረጥከው» ካልሽ በኋላ ነው የሚመጣው። እኔ በሽቦ አደረግኩት፣ ሁለቱም ቀረ። ደግሞ ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ። እናቴ ውጊያ መሃል ደውላ የጥሪዬን ዘፈን ጦር ሜዳው ሰምቶታል።

ሰአዳ፦ ሁለቱም ወገን ተኩስ አቆመ።

ናኦል፦ ተዘጋጅቶ ለሚፈልግ ደግሞ ቴብልቶፕ ኦዲዮ አለ፣ ለዚህ ጨዋታ ተብለው የተሠሩ የቦታ ድምፆች፣ አንዱ 10 ደቂቃ የሚሄድ፣ በነፃ። ሲሪንስኬፕ የሚባል መተግበሪያም አለ፤ ድምፁን ቁርጥራጭ ቁርጥራጭ አድርጎ እየቀላቀለ ስለሚያጫውት እንደ ካሴት አይደጋገምብሽም። ቢቢሲም በ2018 ከ16,000 በላይ የድምፅ ማኅደሩን ለግል ጥቅም ከፍቷል። ስለ እነዚህ ብዙ የምለው የለኝም፣ ገብታችሁ እዩት።

ሰአዳ፦ ስለ በር ሃያ ደቂቃ፣ ስለ መተግበሪያ ሃያ ሰከንድ።

ናኦል፦ ቢቢሲ የአኮን በር የለውማ!

(ጣሪያው ላይ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል።)

ሰአዳ፦ መጣ።

ናኦል፦ ያልፋል።

ሰአዳ፦ ጅማ ላይ «ያልፋል» ይላል? በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብበት አገር ተቀምጠህ? ሰሚዎች፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነን። ድምፁ ከከፋ ይቅርታ።

ናኦል፦ ይሄ ራሱ ከርዕሱ ጋር ይሄዳል። በረሃውን አስታወስሽው? ሦስት ሳምንት በረሃ አሻግሬያችኋለሁ። ውሃ ጥም፣ አሸዋ። የንፋስ ድምፅ እንኳ ተዘጋጅቷል። ሊጀመር ሲል ሰማዩ ወረደ። ቆርቆሮው ላይ ሲደበድብ ስፒከሩ ምን ሊያደርግ? እኔስ ብጮህ ማን ይሰማኛል?

ሰአዳ፦ እኛ ውሃ ጠምቶን ልንሞት ነው፣ ከላይ ውሃ ይወርዳል።

ናኦል፦ ስለዚህ በረሃው ላይ አዘነብኩት! ስፒከሩን ዘግቼ ወረቀት ላይ «ዝናብ ጀመረ» ብዬ ጽፌ መሃል አስቀመጥኩ። ጎርፍ መጣ፣ ግመሎቹን ወሰደ። ያቀድኩት ሁሉ ተሰረዘ። እስከ አሁን ከተጫወትነው…

ሰአዳ፦ ምርጡ ነበር። በምልክት ነው የተጫወትነው፣ ተራኪው አፉን ሳይከፍት።

ናኦል፦ አየሽ! ድምፅ!

ሰአዳ፦ እሱ ያንተ ድምፅ አይደለም እኮ! አላህ ነው ያዘነበው። አንተ ስፒከር ዘግተህ ቁጭ ነው ያልከው። እንዲህ እንስማማ፤ በአንድ ትዕይንት አንድ ድምፅ። ከዚያ በላይ ካስገባህ ዳይስህን እቀማለሁ።

ናኦል፦ ሁለት።

ሰአዳ፦ አንድ ተኩል። ሸንኮራው አይቆጠርም።

ናኦል፦ አንድ ተኩል ማለት ምን… ውይ! አኮ! አስደነገጥሽኝ! መቼ ገባሽ?

አኮ፦ አሁን። ምነው?

ናኦል፦ የግቢውስ በር… የዚህኛውስ? አልሰማንም እኮ!

አኮ፦ የተረፈውን ዘይት ይሄኛውን ቀባሁት። ሲጮህ ነበር።

ሰአዳ፦ አኮ፣ በዝናብ ለምን ወጡ? ይቀመጡ፣ እኔ ልቀበልዎት።

አኮ፦ አይ፣ አትነሺ። ቡናው ደርሷል ብዬ ነው። ሌሎቹ የታሉ?

ናኦል፦ የትኞቹ ሌሎች?

አኮ፦ አንድ ወፍራም ሰውዬ ሲቆጣ ሰማሁ። አንዲት አሮጊት አሉ። የሚነግድ ሰው አለ። ልጅም ሲያለቅስ ነበር፣ ማነው የመታው? ስድስት ስኒ ነው የያዝኩት።

ሰአዳ፦ (ትስቃለች) አሸነፍኩ! አሸነፍኩ! ናኦል፣ ስድስት ስኒ!

ናኦል፦ አኮ፣ እኔ ነኝ እኮ…

(ዝናቡ ይበረታል።)

ሰአዳ፦ ምንም አይሰማም! ዝጋው! ለጎብሊኑ ስኳር አብዛለት!

ናኦል፦ ምን አልሽ?

ሰአዳ፦ ዝጋው!